አረንጓዴው ከታች፣ ቀዩ ከላይ

ፀደንያ አሥር ዓመቷ ነው። ከአባቷ ከማቴዎስ፣ ከእናቷና ከትንሽ ወንድሟ ከሲላስ ጋር ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ዳር ትኖራለች። ቤታቸው ዙሪያውን ቡና ነው። አባቷ ቡናውን በሞተር እየጫነ ለመረከቢያ ጣቢያው ያስረክባል።

ሲላስ አምስት ዓመቱ ነው። ከእህቱ ሥር አይጠፋም። እሷ እግሯን ስትታጠብ ይታጠባል። እሷ ሽሮ አልበላም ስትል እሱም፣ ሽሮ እየወደደ፣ አልበላም ይላል። በጸሎት ሰዓት እንኳ አንድ ዓይኗን ገልጣ ስታጮልቅ እሱም አንዱን ገልጦ ያጮልቃል። ትስቃላችሁ አይደል? እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ትንሽ ልጅ አይጠፋም። እስቲ ዛሬ ስትገቡ እዩት፤ እሱ ቀድሞ እናንተን ሲያይ ነው የምታገኙት።

አሁን ደግሞ ፀደንያ ራሷ ምን እንዳየች ልንገራችሁ። አምና፣ በቡና ለቀማ ሰሞን፣ አባቷ ጓሮ ሆኖ ቡና ማዳበሪያ ውስጥ ሲሞላ አየችው። እናንተ የቡና አገር ልጆች ናችሁ፤ ጣቢያው የሚቀበለው የበሰለውን ቀይ እሸት ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ። አባቷ ግን መጀመሪያ አረንጓዴውን ጨመረ። ከዚያ ቀዩን ከላይ አለበሰው። የማዳበሪያውን አፍ አሰረና በሞተር ይዞት ሄደ። ማታ ደስ ብሎት ተመለሰ። እንዲህ አድርጊ ብሎ አላስተማራትም። እሱ ሠራ፣ እሷ አየች፣ በቃ።

በእነ ፀደንያ ቤተ ክርስቲያን አንድ ልማድ አለ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አቅም ላነሰው ሰው ቡና ይለቅማሉ። ዘንድሮ ተራው የእማማ ሸዋነሽ ነበር። እማማ ሸዋነሽ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣሪያቸውም ያፈሳል። የእኛን አገር ዝናብ እኔ አልነግራችሁም። በዘነበ ቁጥር አልጋቸውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲጎትቱ ነው የሚኖሩት። ቡናው ተሽጦ ለጣሪያው ቆርቆሮ ሊገዛበት ነው።

የልጆቹ አስተማሪ ጋሽ ፈንታው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ትንሽ ማዳበሪያ ሰጡ። ለሲላስም ፌስታል ደረሰው።

"ቀዩን ብቻ፣ አንድ በአንድ" አሉ። "የሞላለት መጫወት ይችላል።"

ቀዩን አንድ በአንድ መልቀም ትዕግሥት ይጠይቃል። ጉንዳን ይነክሳል። ጤዛው በእጅጌ ይገባል። ፀደንያ ግማሽ እንኳ ሳትሞላ ጓደኞቿ ጨርሰው መንገዱ ላይ ገመድ መዝለል ጀመሩ። ሲቆጥሩ ይሰማታል። ልቧ ወደዚያ ሄደ። ግራ ቀኝ አየች፤ ማንም የለም። የለቀመችውን ቀይ ቡና ኮባ ቅጠል ላይ ገለበጠችው። ከዚያ አንዱን ቅርንጫፍ ይዛ ከነአረንጓዴው ሸመጠጠችው። ሌላውንም ደገመችው።

"ፀዲ፣ ይሄ እኮ አልቀላም" አለ ሲላስ።

ማንም የለም ብላ ነበር። ለካ ሲላስን ከሰው አልቆጠረችውም።

"ዝም በል። ይሄ ከታች ነው የሚገባው፤ ቀዩ ከላይ። አባዬም እንደዚህ ነው የሚያደርገው።"

ሲላስ ገባው። ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ በትንሽ እጁ ይዞ ሸመጠጠ፤ አረንጓዴውን ከታች፣ ቀዩን ከላይ አደረገ። ፀደንያም ሮጣ ሄዳ እስኪበቃት ገመድ ዘለለች።

ከሰዓት በኋላ ማቴዎስ መጥቶ ማዳበሪያዎቹን ሞተሩ ላይ ጫነ። እማማ ሸዋነሽ እስከ መንገድ ሸኝተው መረቁት። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ተመልሶ መጣ። ቡናው እንደተጫነ ነው።

የማቴዎስ ፊት ጠቁሯል። "ተረካቢው ሸራ ላይ ዘረገፈው" አለ። "ከታቹ አረንጓዴ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንሥተህ ውሰድልኝ ብሎ አባረረኝ። እሸት ደግሞ አያድርም። ጣቢያው ሳይዘጋ ካልደረሰ ዋጋ የለውም።"

"ታዲያ ቆርቆሮውስ?" አሉ እማማ ሸዋነሽ ቀስ ብለው።

ማቴዎስ ወደ ልጆቹ ዞረ። "ማነው ይህን ያደረገው? የአቅመ ደካማ ሰው ቡና ላይ እንዲህ የሚሠራ ምን ዓይነት ልጅ ነው?"

የፀደንያ ጆሮ ጋለ። መሬት መሬት አየች። ያን ጊዜ ሲላስ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ጥያቄ ሲጠየቅ እንደሚያደርገው፣ እጁን አወጣ።

"እኔ ነኝ" አለ። መልሱን በማወቁ ደስ ብሎታል። "አረንጓዴው ከታች፣ ቀዩ ከላይ።"

ማቴዎስ ክንዱን ያዘው። "ማን አሳየህ?"

ሲላስ እህቱን አያት። እህቱም አየችው። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ልጆች፣ እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ይከብደኛል። አረንጓዴ ቡና መጨመር አንድ ጥፋት ነው። አምኗት የሚያያትን ትንሽ ልጅ እንደማታውቀው መሆን ግን እንዴት ያሳፍራል! ማቴዎስ ከአጥሩ ቀጭን ዱላ ሰበረ። ሲላስ ገና ሳይመታ አለቀሰ። ያስለቀሰው ዱላው አልነበረም፤ የእህቱ ፊት መዞር ነው። ፀደንያም ይህን አወቀች።

"አባዬ፣ ተው። እኔ ነኝ ያሳየሁት" አለች።

"አንቺ? አንቺስ ይህን ከየት አመጣሽው?"

ፀደንያ ከየት እንዳመጣችው ታውቃለች። እንዴት ብላ ትናገረው? ጋሽ ፈንታው ቆመዋል። እማማ ሸዋነሽ ይሰማሉ። ጓደኞቿ ሁሉ አሉ። እንባዋ እየወረደ ዝም አለች። ሲላስ ግን ትንሽ ነው፤ ዝም ማለት አልተማረም።

"አባዬም እንደዚህ ነው የሚያደርገው ብላኛለች" አለ እየተንሰቀሰቀ።

ማቴዎስን አንገቱ ድረስ ላብ አጠመቀው። ልጆቹ ወደ እሱ እንዳያዩ ጋሽ ፈንታው ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞሯቸው።

"ልጄ ማቴዎስ፣ ልጁን ልቀቀው" አሉ እማማ ሸዋነሽ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ማቴዎስ ዱላውን ጣለ። ቡናውን ሁሉ ሸራ ላይ ዘርግፎ ተንበረከከና አረንጓዴውን መልቀም ጀመረ። ፀደንያ አጠገቡ ተቀመጠች። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም፤ እሱም ሊያያት አልቻለም። ሌሎቹም ልጆች አንድ በአንድ መጥተው ሸራውን ከበቡ። እማማ ሸዋነሽ ዓይናቸው በደንብ ባያይ እንኳ ተቀመጡ። "አረንጓዴው ይጠነክራል፤ እጄ ይለየዋል" አሉ። በዚያ እርጅና፣ በዚያ ወገባቸው፣ ሰው ያበላሸባቸውን ቡና ሲዳብሱ ማየት ፀደንያን ከዱላ በላይ አመማት።

ጣቢያው ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ማቴዎስ ፀደንያንና ሲላስን ከፊቱ አቁሞ፣ "ጥፋቱ ከእኔ ቤት የመጣ ነው" ብሎ ለተረካቢው ነገረው። ቀዩ ገባ። የተሸመጠጠው አረንጓዴ ግን ወደ ዛፉ አይመለስም፤ ወጥቶ ተደፋ። በዚህም የተነሣ ለእማማ ሸዋነሽ ጣሪያ ሁለት ቆርቆሮ ጎደለ።

ሲመለሱ ማቴዎስ መንገድ ላይ ሞተሩን አቆመ። ወርዶ ፀደንያ ፊት ቆመ።

"ፀዲ፣ ይህን ከእኔ ነው የተማርሽው" አለ። "የጎደለውን ቆርቆሮ እኔ እገዛለሁ። አንቺ ግን ይቅር በይኝ።"

ፀደንያ አባቷ ለማንም እንዲህ ሲል ሰምታ አታውቅም ነበር። አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ፣ "ሲላስ፣ አንተም ይቅር በለኝ" አለችው። ሲላስ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ አፉን ከፍቶ ሁለቱንም ያይ ነበር።

ልጆች፣ ከእኛ የሚያንሱት የሚማሩት ከምንነግራቸው ይልቅ ስናደርግ ከሚያዩት ነውና፣ ማንም የለም ባልንበት ቦታም እውነተኞች እንሁን።