እግሩ ያረፈበት ቀን

ሰዓት ሠሪው ከምሳ በኋላ በተኛበት አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ ብርድ ልብሱን እንደለበሰ ነበር፤ ጫፉ እንኳ አልተዛነፈም። የአልጋው የግርጌ ሳንቃ ግን በተረከዝ ተደብድቦ ቀለሙ ተልጧል። መርማሪዋ ሁለቱን ደጋግማ አየችና አልዋጥልሽ አላት።

«የእንቅልፍ ኪኒን በዝቶበታል፤ ልቡም ደካማ ስለነበር አልቻለውም» አለ ሐኪሙ።

ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሚስቱ፣ ሴት ልጁ፣ እፊት ለፊቱ ክፍል አብሮት ሰዓት የሚጠግነው ታናሽ ወንድሙ። አለቃዋ «ከሦስቱ አንዱን ሳትይዢ እንዳትመለሺ» ብሏታል። አለቃ ምን አለበት፣ ተቀምጦ ማዘዝ ነው።

በልጅቷ ጀመረች። «አባትሽን ምን ነበር የሚያመው?»

«ደሙ ይወፍራል። በየወሩ ሆስፒታል ይቀዱለታል። ሲቀዳ ደግሞ ብረት ያንሰዋል አሉን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ሲወስደው እግሩ ይፈራገጣል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«ብረት አይሰጡትም?»

«ከሰጡት ደሙ መልሶ ይወፍራላ።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «‹እኔ ስተኛ እግሬ ሰዓት ይቆጥራል› እያለ ይቀልድ ነበር። እማዬ ግን እንቅልፍ አጣች።»

እናትየው ቀሚሳቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ቅልጥማቸውን አሳዩ። በልዞ በልዞ ጠቁሯል።

«ለምን ሌላ ክፍል አልተኙም?»

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ተኝቼ፣ በእግሩ ተቀይሜ ልለየው?»

ወንድምየው ሥራው ላይ አቀርቅሯል። «እትዬ ሰልችቷቸው ይሆናል፤ ሰው ናቸው» አለ በለሆሳስ። ጠረጴዛው ላይ ካሉት መዶሻዎች የትንሿ ጫፍ ነጭ ዱቄት ይዟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመስታወት ብናኝ» አለ ቀና ሳይል።

መርማሪዋ ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ ተኝቶ ሳለ አይታችሁታል?

«ስምንት ተኩል ላይ» አለች ልጅቷ፤ «ንቅንቅ አይልም። ደስ ብሎኝ በሩን ዘጋሁለት።»

«እኔም አይቼዋለሁ። ጸጥ ብሏል። ተመስገን ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ» አለ ወንድምየው።

«እኔም» አሉ እናትየው አንገታቸውን ደፍተው።

ሰዓቶቹ በየግድግዳው በሚቆጥሩበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሁለት ዓመት ያላረፈ እግር ድንገት ጸጥ ሲል ያየ ሰው ይደነግጣል። ቢያንስ ጠጋ ብሎ ትንፋሹን ያዳምጣል። ከእናንተ አንድም የደነገጠ የለም። ለምን? ሦስታችሁም እግሩ እንዲያርፍ ስትጠብቁ ስለነበር ነው። ትናንት ከተገዛው የኪኒን ብልቃጥ ስድስት ፍሬ ጎድሏል። ሐኪሙ ያዘዘለት ግማሽ ፍሬ ብቻ ነበር። ከአልጋው አጠገብ ያሉት የሻይ ብርጭቆ፣ የወተት ኩባያና የሾርባ ሳህን ሥራቸው ላይ ነጭ ዝቃጭ አለ።» ትንሿን መዶሻ አነሳች። «አንተ በዚህ ፈጭተህ ሻዩ ውስጥ ጨመርክ። አንቺ ወተት ይዘሽለት ገባሽ። እርስዎ ሾርባ አበሉት። እያንዳንዳችሁ ‹የምጨምርበት እኔ ብቻ ነኝ› ብላችሁ፣ ሁለት ሁለት ፍሬ።»

«እትዬ አንድ ቀን እንዲያርፉ ብዬ ነው» አለ ወንድምየው፤ ቅድም በእሳቸው ላይ የተናገረው ትዝ ብሎት ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እኔም ለእማዬ ብዬ…» ልጅቷ አልጨረሰችውም።

«ሦስቱንም ጠጣው?» አለች መርማሪዋ።

«የሰው እጅ አይመልስም» አሉ እናትየው። «እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም። ቅልጥሜን ባየ ቁጥር ያለቅስ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሳይመታኝ ይንቃ ብዬ ነው።»

አለቃዋ አንድ ሰው ነበር የጠየቃት። መርማሪዋ ማስታወሻዋን አጠፈችና ሦስቱንም ተነሱ አለቻቸው። እናትየው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«የኔዋ ባትጨመርበት ይነቃ ነበር?»

መርማሪዋ በሩን ከፈተችላቸው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጠገቡ ጋደም አልኩ» አሉ እናትየው። «እግሩ አልነካኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። ልነግረው ብዬ እጁን ስይዘው ቀዝቅዟል።»