ቢጫ ያወጣው በር

ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው የወይዘሮ ሰዒዳ ቤት በሮቹም መስኮቶቹም በጥቁር ቫርኒሽ የተቀቡ ስለሆኑ በቀትርም መብራት ይፈልጋል። ለልጃቸው ለሱዓድ የአንድ ነጋዴ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ «በዚህ ጨለማ እንግዳ አላስቀምጥም» ብለው ከኮምቦልቻ ቀለም ቀቢ አስመጡ።

ሱዓድ ስለ ነጋዴው ስትጠየቅ ዝም ብላ ነበር። የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው ተባለና ቀን ተቆረጠ።

ቀቢው መሕሙድ ይባላል። ቫርኒሹን እስከ እንጨቱ ፍቆ ጊዜ አያባክንም። በሳሙና ያጥባል፣ ወዙን በብርጭቆ ወረቀት ያደበዝዛል፣ ፕራይመር የሚሉትን የሥር ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ነጩን ሁለት ጊዜ በስሱ ይደርባል። አንዱ በር እስኪደርቅ ሌላውን ይይዛል። ወይዘሮ ሰዒዳ «እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ግን የተቆለፈ ነው» አሉ።

ሱዓድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቡ ትቆማለች።

«ፕራይመሩ ቢቀርስ?»

«ጥቁሩ ከሥር ይመጣል። በሁለት በሦስት ቀን ነጩ ቢጫ ያወጣል።»

ይህን ሲል ዓይኗን አየና ብሩሹ ቆመ። ብዙ አልቆመም፤ እሱ ሥራ ላይ ነው።

የመኝታ ክፍሏን በር እሷ ራሷ እንድትቀባው ተወላት። በሳምንቱ ዕቃውን ሰብስቦ በር ላይ «አላህ ያሳካልሽ» አላትና ሄደ። ሱዓድ ያን ቀን እራት አልበላችም።

በሦስተኛው ቀን ደወለች።

«በሩ ቢጫ አውጥቷል።»

«የኔ ሥራ? ወላሂ አይሆንም።»

ክብሩ ተነክቶ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደሴ ገባ። የመኝታ ክፍሏን በር ጠርዝ በጥፍሩ ፋቀ። ከነጩ ሥር ያለው ጥቁሩ ቫርኒሽ ነው።

«ፕራይመር አልነካውም።»

«አልነካውም።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

መሕሙድ በሩን አየ፣ እሷን አየ።

«እንድትመለስ ፈልጌ ነው» አለች ሱዓድ። «ለነጋዴው እሺ አላልኩም። ዝም ነው ያልኩት።»

«እኔም ዝም ብዬ ነው የሄድኩት» አለ። «ሐሙስ ሽማግሌ እልካለሁ።»

ከዚያ በሩን አጠበው፤ ፕራይመር ቀባው። እጁ እንደዚያ ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

ሐሙስ ሦስት ሽማግሌዎች ከኮምቦልቻ መጡ። ወይዘሮ ሰዒዳ ከማን እንደተላኩ ሲሰሙ ወደ ነጩ በር ዞሩ። እሁድ ሽማግሌ ለሚልከው ነጋዴ ምን ሊሉ ነው? በመጨረሻ ልጃቸውን ጠሩ።

«ሰምተሻል። ምን ትያለሽ?»

ሱዓድ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌዎቹ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥረው ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን አነሱ።

«እሺ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ።