የላቀው ኮሶ

ላቀውን ሞቶ ያገኘችው ሚስቱ ብርቱካን ናት፤ ሐሙስ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ጓዳ ውስጥ ከወፍጮው ሥር በጎኑ ወድቋል፤ ማጅራቱ ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ተፈንክቷል፤ ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ነው። ጩኸቷን ሰምቶ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው ግቢውን ሞላው። ቀኑን ሙሉ ግን አንድም ሰው ከደጁ አልፎ አልገባም ነበር፤ ላቀው ኮሶ ጠጥቷል ተብሏላ!

ኮሶ የጠጣ ሰው መቼም የታወቀ ነው። በሩን ዘግቶ ሆዱን ይዞ ይውላል፤ እንኳን ባለጉዳይ ዳኛም አይጠራውም። ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ የእስቴ ሰው ክሱንና ይግባኙን የሚያጽፈው በላቀው እጅ ነበርና፣ ከባለጉዳይ የሚያስጥለው ነገር ከኮሶ በቀር አልነበረም።

ሃምሳ አለቃ ጥጋቡ ዓርብ ማለዳ መጣ። ዝግ ያለ፣ ሲያቻኩሉት ደግሞ ጭራሽ የሚቀመጥ ሰው ነው። አስከሬኑን ከማየቱ በፊት ማጀት ገብቶ ዋንጫውን፣ ቅሉን፣ ጣሳውን አንድ በአንድ አሸተተ። ከዚያ የሟቹን ጣቶች በግድ ፈልቅቆ የተቀደደ የወረቀት ጥግ አወጣ። በላቀው ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «እሑድ፦ ምንም» ይላል። ሃምሳ አለቃው ግራ ገባው። በክስ ወረቀት ላይ «ምንም» ብሎ የሚጽፍ ሰው አይቶ አያውቅም።

ደጅ ላይ የሟቹ ታላቅ ወንድም ባዩ እየጮኸ ነው።

«ሚስቱ ናት! ኮሶ ሳይጠጣ ጠጣ ብላ ሰው እንዳይገባ ያደረገች እሷ ናት! ምን ትጠብቃላችሁ?»

ከተማውም በልቡ ፈርዶባታል። ሐሙስ ጧት ከቤት ወጥታ የት እንደዋለች የሚያውቅ ሰው የለም። እስከ ማታ ሌላ ሰው ካልተገኘ ታስራ ደብረ ታቦር ትወርዳለች።

ሃምሳ አለቃው ብርቱካንን ጥግ ላይ አስቀመጣት።

«እህቴ፣ ዋንጫ ሁሉ አሽትቻለሁ። ባልሽ ኮሶ አልጠጣም።»

«አልጠጣም።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ገና ለአንተ መናገሬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዋሻችሁ?»

«ባሕር ዳር ልንሄድ ነበር።»

«ምን ልትሠሩ?»

«ምንም። ጣናን ልናይ።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው፤ ባለጉዳይ ሳያንኳኳ አንድ ቀን ቁርስ በልተን አናውቅም። ‹ሁለት ቀን እኔና አንቺ ብቻ ከውሃው ዳር እንቀመጥ› አለኝ።»

ሁለት ቀን ለማረፍ አራት ቀን መንገድ! ሐሙስ በበቅሎ ደብረ ታቦር፣ ዓርብ በጭነት መኪና ባሕር ዳር፤ መመለሻውም ያው። የእስቴ ሰው ከአገሩ የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለንግሥ ወይም ለሙግት ነው። ባልና ሚስት ሐይቅ ሊያዩ ሄዱ ቢባል ከተማው ዓመት ሙሉ ይስቅባቸዋል። እነሱም ይህን አውቀው ደበቁት።

«እኔ ማልጄ ከከተማው ውጭ ካለችው ዋርካ ሥር ሄድኩ» አለች። «በቅሎ አከራዩ በሽር በቅሎዎቹን አመጣልኝ። ላቀው በጓሮ ወጥቶ ሊከተለኝ ነበር። ሲቀር፣ ሐሳቡን ቀየረ ብዬ አኮረፍኩ። ‹ራሱ መጥቶ ይለምነኝ› ብዬ እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጥኩ። እኔ ሳኮርፍ እሱ እየሞተ ነበር።»

ጎረቤቲቱ እሜቴ አልጣሽ ከደጁ ጥጥ ሲፈትሉ የዋሉ አሮጊት ናቸው፤ ብርቱካን ‹ኮሶ ጠጥቷል› ብላቸው ሰው የመለሱትም እሳቸው ናቸው።

«ማን ማን መጣ፣ እሜቴ?»

«ሰባት ባለጉዳይ። አራት ሰዓት ላይ ባዩ መጣ፤ ‹ኮሶ ጠጥቷል› ስለው ‹እንግዲያው ይረፍ› ብሎ ሄደ። አንተም መጥተህ ነበር፣ ልጄ።»

ሃምሳ አለቃው አቀረቀረ። «መጥቼ ነበር። ድምፅ አልሰሙም?»

አሮጊቷ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «ሦስት ሰዓት ላይ ሲያቃስት ሰማሁ። ‹ኮሶው ያዘው› ብዬ ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ፣ ልጄ!»

በቅሎ አከራዩ በሽር ሐሙስ እስከ አራት ሰዓት ከብርቱካን ጋር ዋርካው ሥር እንደነበረ ተናገረ።

«ስለ ጉዞው ለማን ነገርህ?»

«ላቀው አስምሎኛል፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ለማን ነገርህ አልኩ።»

በሽር ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ። «ረቡዕ ለባዩ። በቅሎዎቹን ሳዘጋጅ አየና ጠየቀኝ። ‹ወንድምህ ነገ ደብረ ታቦር ይወርዳል› አልኩት። ወላሂ፣ ሌላ አልጨመርኩም።»

የባዩ ሚስት ይታይሽ ጓሮ ለለቀስተኛ ንፍሮ ትቀቅላለች። ሃምሳ አለቃው ከጎኗ ቁጢጥ አለ።

«ላቀው ኮሶ ሲጠጣ ምንም አትልኪለትም ነበር?»

«እንዴት አልልክም! ኮሶው ሲወጣለት ይርበዋል፤ ሁልጊዜ ዶሮ እሠራለታለሁ። ሐሙስ ዕለትም ቀትር ላይ ዶሮዋን ይዤ ነበር፤ ባዩ ‹ልቀቂያት፣ ምን ያደርግለታል› አለኝ።»

ከቀብር መልስ ሃምሳ አለቃው አምስቱን በላቀው ቤት ሰበሰባቸው። ባዩ ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ መሬቱን ያያል።

«ላቀው ኮሶ ጠጥቷል ብሎ ያመነ ሰው ከዚህ ቤት አልገባም» አለ ሃምሳ አለቃው። «እኔም አምኜ ተመለስኩ፤ ዕድሜ ልኬን የምጸጸትበት ነው። ስለዚህ የገባው ሰው ላቀው ለመንገድ እንደተነሣ ያውቃል። ያንን ደግሞ የሚያውቁት ብርቱካንና በሽር ናቸው። ሦስት ሰዓት ላይ፣ እሜቴ ሲያቃስት በሰሙት ጊዜ፣ ሁለቱም ዋርካው ሥር ነበሩ። የቀረው በሽር የነገረው ሰው ነው።»

ሃምሳ አለቃው ወደ ባዩ ዞረ።

«አቶ ባዩ፣ ዛሬ ማለዳ ‹ኮሶ ሳይጠጣ› እያሉ ጮኹ። ያን ሰዓት ይህን የምናውቅ ዋንጫ ያሸተትኩት እኔ፣ ሚስቱና በሽር ብቻ ነበርን። ትናንት ቀትር ላይ ደግሞ ዶሮዋን አስለቀቁ፤ ሬሳው የተገኘው ግን ማታ ነው። አራት ሰዓት ላይ በፊት ለፊት የመጡት እሜቴ እንዲያዩዎት ነው። አስቀድመው በጓሮ ገብተው ነበር።»

«ለምን ብሎ? ወንድሙ እኮ ነው!» አለች ይታይሽ።

«ስለ ርስቱ። የአባታቸውን መሬት ባዩ ብቻውን ሲያርስ አሥር ዓመቱ ነው። ላቀው አንድ ቀን ድርሻዬን ብሎት አያውቅም፤ ባዩ ግን አሥር ዓመት ሙሉ ያችን ቀን ሲጠብቅ ኖረ። ክስ የሚጽፍ ወንድም ተደብቆ ፍርድ ቤቱ ወዳለበት ደብረ ታቦር ሲወርድ ምን ሊመስለው ይችላል? እጁ ላይ የነበረውን ወረቀት ነጠቀው። ማንበብ የሚችል ሰው ቢሆን አንዴ አይቶ ይጥለው ነበር። ያልጣለው ማንበብ ስለማይችል ነው። አሁንም ይዞታል።»

ባዩ እጁን ከጋቢው ሥር ሰዶ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ።

«አልመታሁትም። ገፋሁት» አለ። «‹ምን የሚል ወረቀት ነው?› ስለው አፍሮ ከኋላው ደበቀው። ያፈረው እኔን ሊከስ ስለሆነ መሰለኝ። ወድቆ ሲያቃስት ፈርቼ ወጣሁ። ተመልሼ ከደጁ ስቆም እንኳ ግቡና እዩት ማለት አቃተኝ።» ወረቀቱን ዘረጋ። «ማንን ላስነብብ? የላቀውን እጅ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። እባክህ ጌታዬ፣ ምን ብሎ ከሰሰኝ?»

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ለብርቱካን ሰጣት። ፊደል ያስቆጠራት ላቀው ነው። አነበበች፦

«ሐሙስ፦ ደብረ ታቦር ማደር። ዓርብ፦ መኪና፤ ጾም ስለሆነ ቆሎ መያዝ። ቅዳሜ፦ ታንኳ። ብርቱካን ውሃ ትፈራለች፤ እጇን መያዝ። ከሰዓት በኋላ ገበያ፤ ለባዩ አዲስ ማረሻ።»

ሃምሳ አለቃው የተቀደደችውን ጥግ ከወረቀቱ ጋር ገጠማት። ብርቱካን ማንበብ አቃታት፤ ራሱ አነበበው።

«እሑድ፦ ምንም።»

ባዩ «ማረሻ?» አለ። ደግሞም «ማረሻ?» አለ። ከዚያ አሰሩት። ቅዳሜ በዚያችው ላቀው በተከራያት በቅሎ ደብረ ታቦር ወረደ፤ በሽር ኪራይ አልተቀበለም።

እሑድ ጧት፣ ሞቱን ያልሰማ አንድ ባለጉዳይ ከስማዳ ድረስ በእግሩ መጥቶ የላቀውን ደጅ አንኳኳ። እሜቴ አልጣሽ ከቤታቸው እየሮጡ ወጡ፤ በሩን በሁለት እጃቸው ገፍተው እስከ ግድግዳው ከፈቱት።

«ግባ ልጄ፣ ግባ» አሉት። «ባለቤቱ የለም፤ ግን ግባ።»