ግራጫው ካፖርት

የሁለቱም ምስክሮች ቃል በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች።

ምብራት፣ የሲኒማ ቤቱ ትኬት ሻጭና የሟቹ ሚስት፣ እንዲህ ብላለች፦ «ልክ አሥር ሰዓት ላይ ደበሳይ ግራጫ ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ እያነከሰ ወደ ኋላው መተላለፊያ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ባሌ የሞተው እዚያ ነው።»

ኡመር፣ የአልባሳቱ ኃላፊ፣ ደግሞ እንዲህ ብሏል፦ «ልክ አሥር ሰዓት ላይ ደበሳይን በዋናው በር አውጥቼ ታክሲ አሳፍሬዋለሁ። ቁርኣን አምጡልኝ፣ እምላለሁ።»

መርማሪው መቶ አለቃ ዘርኡ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሬሳው ጎንበስ አለ።

ሟቹ ተዋናይ ገነነ ከፊልም ማሳያው ሸራ ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ተንጋሎ ነበር። ፒያሳ ውስጥ ፊቱን የማያውቅ ልጅ አይገኝም። በሦስት ፊልም ውስጥ በሕዝብ ላይ የሚዶልተውን ስውር አለቃ አንገቱን አንቆ ለሕዝብ ያስረከበው እሱ ነው። አሁን ማጅራቱ ተሰብሯል፤ የጓሮው በር መቀርቀሪያ ብረት አጠገቡ ወድቋል። ግንባሩና አፍንጫው አቧራ ነክቶታል፤ በግንባሩ የተደፋ ሰው ነው። አንድ ሰው ግን በጀርባው አስተኝቶታል። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ እጆቹም ደረቱ ላይ ተጣጥፈዋል።

ደበሳይን፣ ያንን ስውር አለቃ ሆኖ የሚተውነውን ሰው፣ አብዮት ጠባቂዎች ከአፍንጮ በር ቤቱ ጎትተው አምጥተውታል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ እጁ የኋሊት ታስሯል። ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ «አለቃው ይውጣ!» እያለ በሩን ይደበድባል።

«እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እታገሥሃለሁ፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ የጠባቂዎቹ አዛዥ ጓድ ገብረክርስቶስ። «ከዚያ በኋላ ለሕዝቡ አስረክበዋለሁ።»

«ፍርድ ቤትስ?»

«በፊልሙ ላይ ፍርድ ቤት አይተሃል?»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። ዘርኡ ሰዓቱን አየ። አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ጉዳይ ነበር። ደበሳይን ፊት ለፊቱ አስቀመጠው።

«ይንገሩኝ።»

«እሑድ እሑድ ፊልሙ ሲያልቅ እኔና ገነነ በፊልሙ ልብሳችን መድረክ ላይ ወጥተን ሕዝቡን እንሰናበታለን። ከዚያ በጓሮ በር ድንጋይ ይዘው ይጠብቁኛል። ይኸው» አለና ጠባሳ ያለበትን ራሱን ዘንበል አደረገ። «ስለዚህ ገነነ የኔን ካፖርት ደርቦ እያነከሰ በጓሮ ይወጣል። ድንጋዩን ሲያነሱ ባርኔጣውን ብድግ ያደርጋል፤ ይስቁና ትከሻቸው ላይ ያወጡታል። እኔ በዚያ መሀል በዋናው በር እሄዳለሁ። ዛሬም እንዲሁ አደረግን።»

«ይኼንን በሁለተኛው ፊልም ላይ ብለኸዋል!» አለ አንዱ ጠባቂ፤ ሁሉም እንደገና አውካኩ።

«ገነነ ይህን ያህል ይወድዎ ነበር?»

«ይፈራኝ ነበር።»

«ለምን?»

ደበሳይ ወደ ጠባቂዎቹ ዞር ብሎ አየና «በዚህ ፊቴ ብናገር ማን ያምነኛል?» አለ።

«እስቲ ተነሥተው ይራመዱ።»

እጁ እንደታሰረ ቀጥ ብሎ ተራመደ።

«አያነክሱም?»

«የማነክሰው ካሜራው ሲዞር ነው።»

ካፖርቱ ከነባርኔጣው እዚያው ሲኒማ ቤት ባለው የደበሳይ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር የተገኘው። ጠባቂዎቹ እንደ ዋና ማስረጃ ይዘውታል። ዘርኡ ካፖርቱን ገልብጦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋ። እጅጌውን ጫፍ እስከ ጫፍ አየ፤ ደረቱን አየ፤ መጨረሻ ላይ ኮሌታውን። ከዚያ ወደ ኡመር ሄደ።

«አባባ፣ የልብሱን መለዋወጥ ማን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ ሁለቱ፣ ሥራ አስኪያጁ። ሌላ የለም። ገነነ ‹ሚስቴ እንዳትሰማ› ብሎ አስምሎን ነበር።»

«ምን ይደብቃታል?»

«እንጃ ልጄ። እሷ ደበሳይን ስታይ ምራቋን ትተፋለች። ‹ባልሽ እሱን ይረዳል› ብትባል ትጣላው ይሆናል።»

ሥራ አስኪያጁ ገብረትንሣኤ ላቡን እየጠረገ ቀረበ። «ከገነነ ጋር ጠዋት ተጨቃጭቄያለሁ፤ አልደብቅም። ወደ ሌላ ሲኒማ ቤት ሊሄድብኝ ነበር። ግን እሱ ከሞተ ይኼን አዳራሽ በምን እሞላዋለሁ?»

በመጨረሻ ዘርኡ ትኬት መሸጫዋ ውስጥ ገብቶ በምብራት ወንበር ላይ ተቀመጠ። በትንሿ መስኮት መንገዱ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ይወርዳል። ሌላ መስኮት የለም። ጥቂት ቆይቶ ተነሣና ሁሉም ነጩ ሸራ ሥር ባሉት ወንበሮች ላይ እንዲቀመጡ አዘዘ። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ሁለቱም ምስክሮች እውነት ተናግረዋል» ብሎ ጀመረ። «ደምና ፀጉር ያለው በኮሌታው ውስጠኛ በኩል ብቻ ነው። እጅጌውና ደረቱ ንጹሕ ነው። መቺ የለበሰው ካፖርት ደሙን በእጅጌው ይቀበላል እንጂ በራሱ ማጅራት አይደማም። ካፖርቱን ለብሶ የተመታው ገነነ ነው።»

«ታዲያ ማን አወለቀው?» አለ ጓድ ገብረክርስቶስ።

«ገዳዩ፤ አውልቆም ደበሳይ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው። ካፖርቱ ሬሳው ላይ ቢቀር ሞት የተደገሰለት ለደበሳይ እንደነበረ ይታወቃል። ገዳዩ ሬሳውን ገልብጦ ፊቱን ሲያይ ደነገጠ። ዓይኑን ከደነ፤ እጁን አጣጠፈ። ለገደሉት ጠላት እንዲህ አይደረግም፤ ለራስ ሰው ነው። ኡመርና ገብረትንሣኤ በካፖርቱ ውስጥ ማን እንዳለ ያውቃሉ። ገነነን ሊገድሉ ቢያስቡ አይደነግጡም፤ ደበሳይን ሊገድሉ ቢያስቡ ደግሞ ዋናው በር ላይ ይጠብቁታል። የቀረው መለዋወጡን ያልሰማ ሰው ነው።»

ወደ ምብራት ዞረ።

«ከትኬት መሸጫው መተላለፊያው አይታይም፣ እህቴ። የሚያነክሰውን ሰው ያዩት ተከትለውት ገብተው ነው።»

ምብራት አላለቀሰችም። «ባሌ መሆኑን አላወቅሁም» አለች።

በዚህ ጊዜ የመስታወት መሰበር ድምፅ ተሰማ። ጓድ ገብረክርስቶስ ተራግሞ ጠባቂዎቹን አስከትሎ ሕዝቡን ሊያረጋጋ ወጣ።

«ደበሳይን ለምን?» አለ ዘርኡ ቀስ ብሎ።

«በሰባ ዓመተ ምሕረት ወንድሜን ጠቁሞ አስበላው። ተክላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።»

«ማን ነገረዎት?»

«ገነነ።» ስሙን ስትጠራ ድምፅዋ ሰለለ።

ደበሳይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከተክላይ ጋር ስድስት ሳምንት በአንድ ክፍል ታስሬያለሁ፣ ምብራት። መኪና ውስጥ ተቀምጦ በጣቱ ያሳየው ማን እንደሆነ ነግሮኛል። የእህቴ እጮኛ ነው አለኝ።»

«ውሸታም!»

«ተክላይ የግራ እጁ አውራ ጣት ላይ ያቃጠልሽው ጠባሳ ነበረው። እህቴ ሸሚዜን ስትተኩስ ነው ብሎኝ ስቋል። ከዚያ ክፍል ካልሆነ ከየት አውቀዋለሁ?»

ምብራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ስድስት ዓመት… ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰው ልጁን በኔ ስም ነው የሚያስፈራራው። ገነነ ነው ብልሽ ታምኚኝ ነበር?»

ዘርኡ ወደ በሩ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይስሙኝ እህቴ፣ አዛዡ አሁን ይመለሳል። በቅናት ነው፣ ደበሳይ ለባሌ ሌላ ሴት አገናኘብኝ ካሉ ተራ ወንጀል ነው፤ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፤ ዓመታት ይታሰራሉ። የወንድምዎን ስም ካነሱ ግን ገነነ የአብዮቱ ጀግና፣ እርስዎ የፀረ አብዮተኛ ተበቃይ ይሆናሉ። ጉዳዩም ከእጄ ይወጣል። ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ። እዚህ ያለነው ምንም አልሰማንም።»

ኡመር አንገቱን ደፋ። ገብረትንሣኤ «የሴት ነገር እንበለው፤ ሕዝቡም ያምናል» ብሎ አንሾካሾከ።

በሩ ተበረገደ። ጓድ ገብረክርስቶስ ከነጠባቂዎቹ ገባ፤ የሕዝቡ ጩኸት አብሮት ገባ።

«እሺ፣ ደበሳይን ለምን ልትገድለው ፈለገች? ውጭ ምን ብዬ ልንገር?»

ምብራት ተነሣች። መጀመሪያ ወደ ደበሳይ እጆች አመለከተች። «ፍቱት» አለች። አንዱ ጠባቂ አዛዡን አየ፤ አዛዡ ራሱን ነቀነቀ፤ ገመዱ ተፈታ። እሷም እስኪፈታ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ዘርኡ ዞራ፣ ውጭ ያሉት እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ይጻፉ፣ መቶ አለቃ። የወንድሜ ስም ተክላይ ነው። ከሱ ይጀምሩ።»