ግማሽ ሰዓት በጨለማ ክፍል

«አንቺ ነሽ የገፋሽው! ‹ታች ዕቃ ሳጥብ ነበር› ትላለች ደግሞ። ማን አየሽ?»

«እርስዎንስ ማን አየ፣ ዶክተር? ጨለማው ይመስክርልዎ?»

ኢንስፔክተር ሳስሚታ ጭቅጭቁ እስኪበርድ በሩን ተደግፎ ጠበቀ። የሳምንቱ ሦስተኛ ሬሳ ነው፤ ጉልበቱም ደረጃ ሰልችቶታል። የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር ዊራትማ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቅጠል ከሚሰጣበት ሰገነት ወድቀው ሞተዋል። የሰገነቱ አጥር ደረት ድረስ ስለሚደርስ አዳልጦት የሚወድቅ ሰው የለም። ዘበኛው ጠዋት ከሟቹ ጋር ያስገባው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ተመራማሪው ዶክተር ሃርጆኖና ረዳቷ ሱላስትሪ።

ሳጅኑ ለሱላስትሪ ካቴና አዘጋጅቷል።

«ጋሼ፣ እኔ ከታሰርኩ እናቴን ማን ያገላብጣታል? አልጋ ላይ ናት» አለችው።

ኢንስፔክተሩ ወደ ዶክተሩ ዞረ። «እርስዎ የት ነበሩ?»

«ጨለማ ክፍል። የሽፈራው ቅጠል ፀረ ኦክሲዳንት ስለካ። ከሦስት እስከ ሦስት ተኩል ንቅንቅ አላልኩም። ውጤቱ መዝገቤ ላይ አለ፤ ቱቦዎቹም በፎይል እንደተጠቀለሉ ናቸው።»

ኢንስፔክተሩ ሱላስትሪን ወደ ኮሪደሩ ወሰዳት። «እስቲ አስረጂኝ። እኔ ከቅጠል የማውቀው ሚስቴ አፍልታ የምትግተኝን መራራ ነው።»

«ቱቦው ውስጥ የሚቀዳው ፈሳሽ ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው። የቅጠሉ ጭማቂ ጉልበት ካለው ቢጫ ያደርገዋል። ብርሃን እንዳይነካው ግማሽ ሰዓት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። መጨረሻ ያለው ቱቦ ቫይታሚን ሲ ይገባበታል፣ ለማመሳከሪያ። እሱ ሁልጊዜ ቢጫ ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ደግሞ... ትናንት ፕሮፌሰሩ ዶክተሩ የሚለካበትን የጭማቂ ጠርሙስ አሳዩኝ። ወር ሙሉ ተለካ የተባለው፣ ከውስጡ ጠብታ አልጎደለም። ‹ነገ አናግረዋለሁ› አሉኝ።»

ኢንስፔክተሩ ዘበኛው ሳይቀር ሁሉንም ጨለማ ክፍል ሰበሰበና መብራቱን አበራ።

«አይነካም! ሥራዬን ያበላሹታል!»

«ሰው ሞቷል እኮ፣ ዶክተር።»

የመጀመሪያውን ፎይል ገለጠ። ወይን ጠጅ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

«ቅጠሉ ደካማ ቢሆንስ?»

«መዝገብዎ ዘጠና ከመቶ ነው የሚለው። ይሁን፣ ቅጠሉ ይድከም።» መጨረሻውን ገለጠ። ቫይታሚን ሲ የሚል ተጽፎበታል። እሱም ወይን ጠጅ ነው። «ይኼም ደከመ?»

ቱቦውን ወደ ዶክተሩ ዘረጋ።

«ቀለሙን ብቻ ቀድተው ጠቀለሉት። ቁጥሮቹን ከራስዎ ፈጥረው ጻፉ። እንግዲህ ያልተለካ ነገር ሲለኩ የት ቆዩ? እዚህ ቤት የተጠቀለለ ቱቦ የሚገልጥ ስለሌለ ፎይሉን ምስክር አደረጉት። ፕሮፌሰሩ ግን ጠርሙሱን አይተው ነበር፤ ሰገነት ላይ ጠየቁዎት።»

ዶክተሩ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«አሥራ አንድ ዓመት ለቀምኩ፣ አደረቅሁ፣ ፈጨሁ፣ ለካሁ። በየዓመቱ ያው ቁጥር! ‹ማጭበርበርህን ለሁሉም እጽፋለሁ› አለኝ። ለሁሉም! ዝም በል ብዬ ነው የገፋሁት።»

ኢንስፔክተሩ የሰውየው ድካም ገባው፤ መግባቱ ግን ደስ አላለውም። ካቴናው ሌላ እጅ ላይ ተቆለፈ። ዘበኛው ይጮሃል፣ ሳጅኑ በስልክ መኪና ይጠራል፣ ዶክተሩ መብራቱን አጥፉልኝ እያለ ይለምናል።

ሱላስትሪ ሽርጧን ፈታ ሚስማር ላይ ሰቀለች። ደጃፍ ላይ ነጠላ ጫማዋን ተጫማች፤ በዝናብ ግቢውን አቋርጣ አረንጓዴ ሚኒባስ አስቆመችና ተሳፈረች።