ያላልኩት አሚን

ጅኒ አየሁ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚል ሰው ሲያወራ ፈገግ ብዬ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ሰባ ዓመት ሙሉ መካነ ሰላም ስኖር አንድም ቀን አንዳች ነገር ገጥሞኝ አያውቅም፣ እና ይሄን ስነግርህ እኔው ራሴ እያፈርኩ ነው፣ ግን ወላሂ ሆኗል።

የልጄ ሚስት ዘይነባ የአቀስታ ልጅ ናት፣ አስተማሪ፣ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሦስተኛውን ስትይዝ መጥታ፣ አባትዎ በወዳጃ ላይ እርጉዝ የሚመርቁበት ዱአ ነበር አሉ፣ እሱን ያድርጉልኝ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አባቴ አላህ ይዘንለትና በየወዳጃው፣ ሰው ለዱአ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ አገር ያወቀው መራቂ ነበር፣ እኔ ግን መጀመሪያውን እንጂ መሀሉን አላስታውሰውም፣ ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ እነሱም እንደኔው ናቸው።

አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አንድ የማናውቀው ሰው ኢንተርኔት ላይ የተበተነውን ሁሉ እየለቀመ በየዓይነቱ የደረደረበት ገጽ አገኘሁ አለችኝ። እኔ እንደ ገበያ ተራ ነው የገባኝ፣ የእህሉ ለብቻ፣ የከብቱ ለብቻ፣ ዕቃው ግን እዚያ የለም፣ ስሙን ስትነካው ወዳለበት ይወስድሃል፣ ሊንክ ይሉታል። የመንዙማ ተራ አለ፣ የንብ ተራ አለ፣ ስለ ኮርቻ ስፌት ብቻ እንኳ የሚያወራ አለ፣ ግማሹ ሲነካ አይከፍትም። ከሁሉ ግርጌ «የወዳጃ ዱአ፣ ቦረና» የሚል አገኘች፣ የእኛው የወሎ ቦረና መሆኑ ነው፣ ማን እንደቀዳው፣ መቼ እንደቀዳው አይልም።

ነካችው። መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎ የተቀመጡ ሰዎች ትንፋሽ፣ የሆነች ፍየል፣ ከዚያ አንድ ሰው ሁለቴ ጉሮሮውን ጠርጎ መቁጠሪያውን ቀጭ አድርጎ አስቀመጠ። ያንን አጠራረግ አውቀዋለሁ። አባቴ ሲሞት በመንደራችን ቴፕ ያለው ሰው አልነበረም።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ዱአው ቀጠለ፣ የረሳሁት መሀሉ መጣ፣ ደስ ብሎኝ ጠጋ አልኩ፣ ይሄኔ «የዘይነባን ማህፀን ያጽናልን» አለ። አባቴ ሲሞት እሷ አልተወለደችም፣ እናትና አባቷም አልተጋቡም። ሰዎቹ አሚን አሉ፣ ዘይነባም እጇን ዘርግታ አሚን አለች።

በእኛ ወዳጃ መራቂው የተቀመጠው ሁሉ አሚን ካላለ ወደ ሌላ አያልፍም፣ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ አሚን ማለት አቃተኝ። ስልኩም ዝም አለ፣ የመቁጠሪያው ጠጠር ብቻ ይሰማል።

«አንዱ ቀረ» አለ።

ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። «አባባ፣ ይበሉ እንጂ።»

ምላሴን እስካንቀሳቅስ ድምፁ ተቋረጠ፣ አሚን ያልኩት ለጠፋው የስልኩ መስታወት ነው። እንደገና ብትፈልገው ስሙ ከተራው ላይ የለም፣ ለገጹ ባለቤት ብትጽፍለት እንዲህ ያለ ነገር አስገብቼ አላውቅም አላት። ልጄ ደሴ ሆኖ በስልክ፣ ዘይነባ የሚባል ስንት ሰው አለ፣ የሽማግሌ ድምፅ ይመሳሰላል አባባ አለኝ፣ ልክ ነው አልኩት፣ ግን ያ ሁለታችንም የሰማነው መሀሉ፣ እንበለው ብንል ዛሬም ከእኔም ከእሷም አፍ አይወጣም፣ ይሄን ምን ልበለው?

እሷ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዘግይቶ የተባለ ይቆጠራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት፣ መዋሸት ነበረብኝ መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት ወሯ ሳይገባ ምጥ ያዛት። ይሄን የምጽፍልህ ጤና ጣቢያው ደጅ ተቀምጬ ነው፣ ነርሷ ወጥታ ገና ነው ብላኝ ገባች። እኔ መዳፌን ዘርግቼ አሚን እላለሁ፣ አሁንም እላለሁ፣ እነዚያ የተቀመጡት ሰዎች እየጠበቁኝ ይሁን ወይስ ተነስተው ሄደው አላወቅሁም።