ስፌቱን ማን አጣመመው?

ጋሽ ማስመሪያ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮትና ሱሪ ሲቆርጡ ማስመሪያ ነክተው አያውቁም፤ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በቀኙ አነጣጥረው፣ ጠመኔውን ከጨርቁ ጫፍ እስከ ጫፍ ሸርተት ማድረግ ብቻ ነው። ሚስታቸው የሞተችው ልጃቸው ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች ነበር። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ እያስተኙ፣ አባትም እናትም ሆነው አሳደጓት። ከፍ ስትል እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እሷ በመኪና ትሰፋለች። ከዚያች አንድ ክፍል ሱቅና ከእርስ በርሳቸው ሌላ ምን ነበራቸው?

መከራው የገባው በአንድ ኮት ነው። አንድ አስተማሪ ለብሶት ቢቆም የፊቱ ጠርዝ ተወላግዷል። ጋሽ ማስመሪያ ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እንደ ልማዳቸው በቀኝ ዓይናቸው ቢያዩት ቀጥ ያለ ነው! ሰውየው መልሶ ሲለብሰውና በሁለት ዓይናቸው ሲያዩት ደግሞ ወልጋዳ። ጉድ እኮ ነው... ጠረጴዛ ላይ የቀናው ሰው ላይ ሲሆን ምን ያጣምመዋል? ግራ ገባቸው። ቀጥሎ አንድ ሱሪ ተመለሰ፣ ቀጥሎ ሌላ ኮት። የቆረጡት እሳቸው፣ የሰፋችው እሷ፤ እሳቸው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ተሳስተው አያውቁምና ጥፋቱን በእሷ ላይ ጣሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይህ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሱቅ ሲገቡ፣ ልጃቸው እሳቸው የቆረጡትን ጨርቅ ጠርዝ በመቀስ ስትከረክም አገኟት። ደማቸው ፈላ። ለካስ ሆን ብላ ነው የምታበላሸው! እሷ ግን፣ ምስኪን፣ ወራት ሙሉ የአባቷን ጠማማ ቁርጥ በስውር ስታቃና ነበር፤ ደንበኛ እጅ የገባው አንዳንድ ያመለጣት ብቻ ነው። እንዴት ብላ ትንገራቸው? እጅህ ከዳህ ማለት አባቷን በቁማቸው መግደል መሰላት። አቀረቀረች። እሳቸውም ጥፋቷን እንዳመነች ቆጠሩት።

«መቀሱን አስቀምጪና ውጪ» አሏት። «ከእንግዲህ አባት የለሽም።»

እሷ ከሄደች ስፌቱ የሚቀና መስሏቸው ነበር። ጭራሽ ባሰ! ራሳቸው ቆርጠው ራሳቸው እየሰፉ፣ በአንድ ወር ሰባት ልብስ ተመለሰባቸው፤ ደንበኛውም ተበተነ። ልጅቷ የለችም፣ ጠማማው ግን አለ... ታዲያ ማን ነው የሚያጣምመው? በመጨረሻ ጎረቤታቸው ጫማ ሰሪው እየጎተተ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሐኪሟ ቀጥ ያሉ መስመሮች የተጠላለፉበት ወረቀት ሰጥታ በየተራ በአንድ በአንድ ዓይን እንዲያዩ አዘዘቻቸው። በቀኙ ሲያዩ መስመሩ ሁሉ ጎብጧል፣ መሃሉ ላይም ጥቁር ነገር አለ። ይህን ያተመው ሰው ሙያ የለውም ብለው ቀለዱ። ሐኪሟ አልሳቀችም።

«ወረቀቱ ደህና ነው አባባ። ከዓይንዎ ሬቲና፣ ብርሃን ከሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሥር ቢጫ ዝቃጭ ለዓመታት ሲጠራቀም ኖሯል። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ ያን ያህል አይጎዳም፣ የእርስዎ ግን የእይታዎን መሃል መብላት ጀምሯል። ግራውም እየተከተለ ነው።»

የጠፋውን የዓይን ብርሃን መመለስ እንደማይቻልም ነገረቻቸው። ሳያምም፣ ሳይቆረቁር፣ ጥቂት በጥቂት... የገዛ ዓይን ሰውን እንዲህ ይዋሻል? በዚህ ዓይን ምስክርነት ልጃቸውን አባረሩ! ያን ቀን መቀሱ እጇ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ያኔ ገባቸው፤ መንገድ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ልጅቷ ሩቅ ከተማ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥራ ስለነበር፣ አባትሽ ታሟል የሚለው የጫማ ሰሪው መልእክት የደረሳት ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። ሥራዋን ጥላ መጣች። በሩ ላይ ቆማ «አባዬ» አለች። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ፣ ወደ ድምፅዋ አፈጠጡ፣ ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አሁንም ፊትህን ታዞርብኛለህ አባዬ?»

«ፊት ለፊት ሳይሽ ትጠፊብኛለሽ ልጄ። ዞር ስል ነው በዓይኔ ጠርዝ ትንሽ የማገኝሽ።»

ሮጣ አቀፈቻቸው። ይቅር በይኝ አሉ፣ ደጋግመው አሉ። ትከሻዋን፣ የሻርፗን ጫፍ፣ የጆሮዋን ጠርዝ አዩ። ዕጣ የሚሰጠውንና የሚነሳውን ማን ይመርጣል? ልባቸው በበራበት ዘመን ዓይናቸው ጨልሞ ነበርና፣ ያንን የሚወዱትን ፊት እስከ ዕለተ ሞታቸው አላዩትም።